ተንጠልጣይ ድልድይ በሁለት ወንበርና በሲባጎ

የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ የሳንፍራንሲስኮን ጎልደን ጌት ድልድይ አየችና «አቦ አጎቴ፣ ደቻቱ ላይ ለምን እንዲህ አይሠሩልንም?» አለችኝ። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አያስፈልገውም። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ወንዙን አይንቅም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በበጋ መሀሉ ገብተው፣ በጥልቀት ቆፍረው ምሰሶ ያቆሙበታል። ተንጠልጣይ ድልድይ የሚሠራው መሀሉ እግር በማያስተክልበት ቦታ ነው፦ ጥልቅ ውኃ፣ ኃይለኛ ሞገድ፣ መርከብ የሚያልፍበት ወይም ገደል። እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተው ጎልደን ጌት በሁለቱ ማማዎች መካከል 1,280 ሜትር ይሻገራል።

አሠራሩን ግን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ሁለት የእንጨት ወንበር፣ ሲባጎ፣ ክር፣ ካርቶን፣ ስንጥር፣ ቬንትሌተርና ሁለት ማዳበሪያ ይበቃል። ማዳበሪያዎቹን እስከ ግማሽ አሸዋ ሙሏቸው። ድሬ ላይ አሸዋ ፍለጋ የሚደክም የለም።

ወንበሮቹን ጀርባ ለጀርባ አዙራችሁ አንድ ሜትር አራርቋቸው። መጀመሪያ ሁለት ሲባጎ ከመደገፊያ መደገፊያ ዘርጉና እዚያው ወንበሮቹ ላይ እሰሩ። መሀሉን በእጃችሁ ጫን በሉት። ወንበሮቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። አሁን ፍቱት። ሲባጎውን በመደገፊያው አናት ላይ አሳልፋችሁ ጫፎቹን ከወንበሮቹ ወዲያ፣ መሬት ላይ ካሉት ማዳበሪያዎች ጋር እሰሩ። እንደገና ጫኑ። ወንበሮቹ ንቅንቅ አይሉም። ወንበሮቹ የድልድዩ ማማዎች፣ ማዳበሪያዎቹ ደግሞ ዳር ላይ ያለው መያዣ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ማማውን ነው፤ የማማው ሥራ ግን ክብደቱን ወደ መሬት ማውረድ ብቻ ነው። ስበቱን የሚችለው ዳር ላይ ያለው፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው የኮንክሪት ክምር ነው።

ሲባጎውን ወጥሮ ማሰር ያምራችኋል። ተዉት፣ ይርገብ። በኋላ የድልድዩ ወለል የሚሆነው ካርቶን ላይ 2 ኪሎ ዕቃ እኩል ብትዘረጉ፣ ሲባጎው መሀሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከረገበ እያንዳንዱን ዳር ወደ ጎን የሚስበው 2.5 ኪሎ ያህል ነው። 5 ሳንቲ ብቻ ከረገበ ወደ 5 ኪሎ ይደርሳል። በጣም ካረገባችሁት ደግሞ ማማው መርዘም አለበት፤ ይህም ወጪ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ትልልቅ ድልድዮች ላይ የእርገባው መጠን የርቀቱ አንድ አስረኛ አካባቢ የሚሆነው።

ካርቶኑን በክር አንጠልጥሉ፦ በየ10 ሳንቲው፣ ወንበሮቹ ጋ ረጅም፣ መሀል ላይ አጭር። በደንብ ሳታጠብቁ እሰሩና ከመሀል ጀምራችሁ አስተካክሉ። ይህ ክፍል ትዕግስት ይጨርሳል። የእውነተኛው ድልድይ ገመድም አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ የጎልደን ጌት እያንዳንዱ ዋና ገመድ 27,572 የብረት ሽቦ ነው። አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዛሉ።

አሁን ቬንትሌተሩን ከጎን አብሩበት። ካርቶኑ ይርገበገባል፣ ይጣመማልም። አሜሪካ ውስጥ የታኮማ ድልድይ በተከፈተ በአራት ወሩ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1940፣ እንዲህ ሲጣመም ቆይቶ ፈረሰ። ነፋሱ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። (ሰው አልሞተም፤ መኪና ውስጥ የቀረ አንድ ውሻ ሞተ።) ወለሉ ለርዝመቱ ቀጭን ነበር፤ ጎኑም ድፍን ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው ምትኩ ከፍ ያለና ነፋስ የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ተደረገለት። እናንተም የካርቶኑን ሁለት ጠርዞች በሦስት ማዕዘን በተያያዙ ስንጥሮች አጠንክሩና ቬንትሌተሩን መልሳችሁ አብሩ። ስንጥሩ ላይ ወረቀት አትለጥፉበት፤ ነፋሱ ማለፊያ ይፈልጋል።