ጀማሪ ጠበቃ ከኩባንያ ምሥረታ ወደ ካፒታል ገበያ ሥራ እንዴት ይሻገር?

አዲስ አበባ ውስጥ በጥብቅና ድርጅት የሚቀጠር ጀማሪ ጠበቃ የመጀመሪያ ዘርፉን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይመርጥም፤ በተቀጠረበት ሰሞን ሰው የጎደለው ክፍል ይወስደዋል። ሁለት ዓመት ያህል መመሥረቻ ጽሑፍ ሲያረቅ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ ሰነዶች ማረጋገጫ ሲመላለስና የንግድ ፈቃድ ሲያሳድስ ቆይቶ ወደ ካፒታል ገበያ ሥራ፣ ማለትም ኩባንያዎች አክሲዮንና ቦንድ ለሕዝብ ሸጠው ገንዘብ ወደሚያሰባስቡበት ዘርፍ፣ መዛወር ቢፈልግ፣ ከዜሮ እጀምራለሁ ብሎ መስጋት አይገባውም።

መጀመሪያ የሠራባቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ አውጥቶ በእያንዳንዱ ውስጥ የትኛውን ሕግ በእጁ እንደሠራበት ይጻፍ። የአክሲዮን ማኅበር ካፒታል ያሳደገ፣ የአክሲዮን ዝውውር ያስመዘገበ ወይም የባለአክሲዮኖችን መዝገብ ያስተካከለ ጠበቃ ከአዲሱ ዘርፍ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ አንድ ኩባንያ አዲስ አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርበው በሚገባ የተጠራ ጠቅላላ ጉባኤ ካፒታሉ እንዲያድግ ከወሰነ በኋላ ነውና። ፕሮስፔክተስ (ለአክሲዮን ገዢዎች ስለ ኩባንያው መረጃ የሚሰጠውን ሰነድ) የሚያዘጋጅ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በአዲሱ ሕግ ሳይሆን ከዓመታት በፊት በግዴለሽነት በተያዘ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ያን ጉድለት ቶሎ የሚያየው ደግሞ ቃለ ጉባኤ ሲያረቅ የኖረ ሰው ነው።

ንባቡም ይህንኑ መንገድ ይከተል። የንግድ ሕጉን አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሁለተኛ መጽሐፍ (ስለ ንግድ ማኅበራት የሚደነግገውን) ከካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ጋር ጎን ለጎን ያንብብ፤ ከዚያ ወደ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መመሪያዎች ይሂድ፤ የዕለት ተዕለት ሥራው ያለው እዚያ ነውና። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ (የአክሲዮንና የቦንድ) ገበያው የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ስለሆነ በዘርፉ የረጅም ዘመን ልምድ አለኝ የሚል አገር ውስጥ ብዙ የለም፤ ለጀማሪ እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። (ልቡ ወደ ባንክ ብድር ያዘነበለ ግን የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትናን አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ይያዝ፤ ስለ ባንክ ሥራዎችና ስለ ሐዋላ ሰነዶች የሚደነግገው የ1952ቱ የንግድ ሕግ አራተኛ መጽሐፍ እንዳልተሻረም ልብ ይበል፤ የቀድሞው ሕግ ሙሉ በሙሉ የቀረ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም።)

ከንባብ ይልቅ የሚያሻግረው ግን በሁለቱ ዘርፎች መካከል ያለ ፋይል ነው። ይህን ሲጠይቅ አስቀድሞ የቅርብ አለቃውን ያናግር፤ የሌላውን ክፍል ኃላፊ ቀድሞ ማነጋገር፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆን እንኳ፣ እንደ ክህደት ይቆጠራል። «ሥራ ሰለቸኝ» ከማለት ይልቅ «በእጄ ያሉትን ፋይሎች ሳላጓድል፣ በሚቀጥለው የአክሲዮን ሽያጭ ላይ የጉባኤ ሰነዶችን ልመርምርልዎ» ቢል፣ አለቃው እምቢ ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አያገኝም።

ሽግግሩ ቢሮ መቀየርን የሚጠይቅ ከሆነ ጥንቃቄው ይበረታል። የቀድሞ ደንበኞችን ሰነድ፣ ስማቸው ተሰርዞም ቢሆን፣ ለናሙና ይዞ መውጣት ምስጢር ጠባቂነትን መጣስ ነው፤ በማመልከቻው ላይ የሥራውን ዓይነት መግለጽ ይበቃል። አዲሱ ቢሮ የጥቅም ግጭት መኖሩን እንዲያጣራ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይንገር። ከመልቀቁም በፊት ለእያንዳንዱ ያልተዘጋ ፋይል የቀነ ገደቡን፣ የጎደለውን ሰነድና ቀጣዩን እርምጃ የያዘ የርክክብ ማስታወሻ ጽፎ ያስፈርም።