ለሞተር ሳይክል የመንገድ ላይ ጎማ መጠገኛ ዕቃ ቦርሳ እንዴት ይዘጋጃል?

ጅማ ከተማ ውስጥ ጎማ ቢተነፍስ ትንሽ ገፍቶ ጎሚስታ ጋር መድረስ ይቻላል። ወደ ዴዶ፣ ወደ ሸቤ ወይም ወደ ሊሙ ገጠር የሚወጣ ሰው ግን በራሱ እጅ መጠገን መቻል አለበት። በክረምት ጭቃ ሞተር መግፋት ጉልበት ይጨርሳል፤ በተነፈሰ ጎማ መንዳት ደግሞ ከመነዳሪውን (በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘውን ላስቲክ) ይቆራርጣል፣ ቸርኬውንም (ጎማው የሚገጠምበትን የብረት ክብ) ያበላሻል።

መጀመሪያ የጎማችሁን ዓይነት እወቁ። እንደ ቦክሰር ያሉ የሥራ ሞተሮች በአብዛኛው ከመነዳሪ አላቸው፤ ይህ ጽሑፍም ስለ እነሱ ነው። ጎማችሁ ቲዩብለስ (ከመነዳሪ የሌለው) ከሆነ ቀዳዳውን የሚሞርድ ብረት፣ መርፌውና የሚሰካው የጎማ ገመድ ከፖምፓ ጋር ይበቋችኋል።

ቁልፍ ስትገዙ ሙሉ ስብስብ አትውሰዱ፤ ይከብዳል፣ ግማሹም አያስፈልግም። የፊትና የኋላ ጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹ ላይ እየሞከራችሁ የሚገጥሙትን ብቻ ለዩ። በትናንሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ 17፣ 19፣ 22 ወይም 24 ቁጥር ይሆናሉ። ፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) አብሮ እንዳይዞር በሌላው ወገን የሚይዝ ሁለተኛ ቁልፍም ያስፈልጋል። በኃይል የታሰረ ዳዶ በአጭር እጀታ አይፈታም፤ እጀታው ላይ የሚሰካ የብረት ቧንቧ ቁራጭ ጨምሩ። ፒንሳም አይቅር።

የጎማ ማውለቂያ ብረት ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ያዙ፤ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የተድቦለቦለ ይሁን። በካቻቪቴ ጎማ ማውለቅ አንድ ቀዳዳ ለመድፈን ሄዶ ሁለት መክፈት ነው።

የሞተር ቫልቭ ከመኪና ቫልቭ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የአንዳንድ ብስክሌቶች ግን ይለያል። ስለዚህ የብስክሌት ፖምፓ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ ሞተራችሁ ቫልቭ ላይ ግጠሙት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንፊያ የሚመርጡ አሉ፤ እኔ የእጅ ፖምፓን አምናለሁ፣ የሞተሩ ባትሪ ቢደክምም ይሠራል።

አሁን ወደ መለጠፊያው እንምጣ። ፓች፣ ማስቲሽና የብርጭቆ ወረቀት ማንም ይገዛል፤ የሚከብደው አጠቃቀሙ ነው። ብዙ ሰው ማስቲሹን ይቀባና እርጥብ እንዳለ ይለጥፋል። እንዲህ የተለጠፈ ፓች ጥቂት ተሂዶ ጎማው ሲሞቅ ይላቀቃል። በማስቲሹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መጀመሪያ መትነን አለበት፤ ፓቹ ከከመነዳሪው ጋር በደንብ የሚያያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመነዳሪውን ንፉና ቀዳዳውን ፈልጉ፤ ድምፁ ካልተሰማ ወደ ከንፈራችሁ አስጠጉት፣ ወይም ውሃ አፍስሱበት። ዙሪያውን ከፓቹ ሰፋ አድርጋችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ ጠባብ ምልክት ሲፈገፈግ ይጠፋል። አየሩን አስወጥታችሁ ቦታው ወዙ ጠፍቶ እስኪደበዝዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። የፋብሪካው ስፌት የሚመስለው ከፍ ያለ መስመር በዚያ ካለፈ ጠፍጣፋ እስኪሆን አትተዉት፤ አለዚያ አየሩ በጎኑ ሾልኮ ይወጣል። ብናኙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በአፍ አትንፉት፣ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ማስቲሹን ከፓቹ አስፍታችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በደረቅ ቀን አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ በጅማ ክረምት ግን አሥር ደቂቃ ብትጠብቁ ይሻላል፣ ዝናብ ካለ ደግሞ ከላይ የሚከልል ነገር አድርጉ። ጠርዙን በጣት ነካ ስታደርጉት ካልተጣበቀ ደርሷል። የፓቹን ፊት ሳትነኩ ከመሐል ወደ ዳር እየተጫናችሁ ለጥፉ፣ በማውለቂያው ብረት ጀርባ በደንብ ዳምጡት። ከላይ ያለውን ስስ ላስቲክ ለመላጥ አትታገሉ፤ ቢቀር ጉዳት የለውም፣ ሲላጥ ግን የፓቹን ጠርዝ ሊያነሳ ይችላል።

አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል። ሁለት ትናንሽ ያልተከፈቱ ያዙ፣ የከፈታችሁትን ቤት ስትደርሱ ተኩ። ጎማ ውስጥ የሚጨመረውን ፈሳሽ መድፈኛ አልመክርም፤ በኋላ ከመነዳሪውን ሲያረጥበው ፓች እንዳይዝ ያደርጋል።

መለዋወጫ ከመነዳሪ መያዝ ከሁሉም ይበልጣል። መንገድ ላይ ቀይራችሁ ቀዳዳውን ቤት በእርጋታ ትለጥፉታላችሁ። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ የፊቱና የኋላው ሊለያዩ ስለሚችሉ ሁለቱንም አንብቡ። በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ከብረቶቹ ጋር ተፋትጎ እንዳይቀደድ። የማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭም ጨምሩ፤ ዳዶ ጭቃ ውስጥ እንዳይጠፋ መሬት ላይ ይነጠፋል። የእጅ ባትሪ ሳይጠቀስም የታወቀ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ቅዳሜ ወይም እሑድ ግቢያችሁ ውስጥ የኋላ ጎማውን አውልቁና መልሱ፣ ቦርሳው ውስጥ ባለው ዕቃ ብቻ። የጎደለው እዚያ ይታወቃል። ማውለቂያው ብረት ሲያስቸግር ኃይል አትጨምሩ፤ በተቃራኒው ወገን ያለውን የጎማ ጠርዝ በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ወደ ቸርኬው መሐል ጎድጓዳ ቦታ አስገቡት፣ በዚህኛው ወገን ይላላል። ከመነዳሪውን ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳስሱ፤ ሚስማሩ ወይም እሾሁ እዚያው ካለ አዲሱንም ይበሳዋል። ስትመልሱ ከመነዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት ንፉ፣ የጎማውን ጠርዝም ቫልቩ ጋ ጨርሱ። ከዚያ በፊት ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፤ ከመነዳሪው በጎማው ጠርዝ ሥር ተቆንጥጦ እንዳይቀር። ነፍታችሁ ስትጨርሱ ካቴናውንና ፍሬኑን አስተካክሉ፣ ዳዶውን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ፍሬኑን ሞክሩ።