ቴሌቪዥንና ሳውንድባር ፈትሾ መጻፍ፦ ሀዋሳ ሆኖ ለሚሠራ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ

የወራት ቁጠባውን ይዞ ቴሌቪዥን ሊገዛ ሱቅ የገባ የሀዋሳ ሰው በእጁ ያለው መረጃ የሻጩ ቃልና ካርቶኑ ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ዕቃው እንዲሸጥ የተዘጋጁ ናቸው። የገምጋሚ ሥራ ገዢው ሱቅ ቆሞ ሊያጣራው የማይችለውን ለክቶ መንገር ነው፦ ማታ መብራት ሲወርድ ይሠራል ወይ? አማርኛ ያሳያል ወይ? ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ንግግሩ ይሰማል ወይ? የውጭ ገምጋሚዎች እነዚህን አይፈትሹም። የእነሱን ጽሑፍ ተርጉሞ ማቅረብ ለሀዋሳ አንባቢ ብዙ የማይጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃውን መረከብ

በየወሩ ቴሌቪዥን የመግዛት አቅም ያለው ፍሪላንሰር የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ከሱቅ ወይም ከአስመጪ በተዋሱት ዕቃ ነው። ስትዋሱ አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። ሞዴሉ፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የወሰዳችሁበትና የምትመልሱበት ቀን፣ አስቀድሞ የነበረ ጭረት ካለ እሱም፣ እንዲሁም ሙከራ ላይ እያለ ቢበላሽ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጻፍበት። ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት ማሸጊያውን በሁሉም ጎን ፎቶ አንሱት። ሻጩ "ከመውጣቱ በፊት ላንብበው" ቢል አትስማሙ፤ ዋጋውንና የዋስትናውን ጊዜ ብቻ ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ዕቃው የተዋሳችሁት መሆኑን ጽሑፉ ውስጥ ግለጹ።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ስክሪን ወደ 275 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይጫን። ተኝቶ የተጫነ ስክሪን መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ሲከፈትም ቀጥ ያለ መስመር ወይም ጥቁር ጥግ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያ የጭነት ጉዳት ሆኖ ሳለ በአምራቹ ላይ እንዳይጻፍ ተጠንቀቁ። ቤት ከገባ በኋላ ሳይሰካ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።

መጀመሪያ መብራቱን ለኩ

የመብራታችን መደበኛ መጠን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሶኬቱ ላይ የሚገኘው ግን እንደ ሰፈሩና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ቮልት፣ ዋትና ኪሎዋት ሰዓት የሚያሳይ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ ግዙ፤ ከሁሉም መሣሪያ በፊት የሚገባው እሱ ነው። መልቲሜትር ሶኬት ውስጥ አስገብቶ መለካት ልምዱ ለሌለው ሰው አደገኛ ነው። በማለዳ፣ በቀትርና ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት እየለካችሁ ለሦስት ቀን መዝግቡ።

ቀጥሎ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። "100–240 ቮልት" የሚል ጽሑፍ ያለው ቴሌቪዥን ቮልቱ ወደ 160 ቢወርድም በተሠራበት ልክ ውስጥ ነው። "220–240" የሚለው ግን ያኔ ከተሠራበት ክልል ወጥቷል፤ ሊጠፋና ሊበራ፣ ኃይል ሰጪው ክፍሉም ሊሞቅ ይችላል። ይህን ልዩነት ከዋጋው ጎን አስቀምጡት፤ ለሁለተኛው ዕቃ ገዢው ስታብላይዘር (ቮልቱን የሚያስተካክል መሣሪያ) መጨመር አለበትና።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚሆነውንም ፈትሹ። እየሠራ ሳለ ማከፋፈያውን አጥፉ፣ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩት፤ አምስት ጊዜ ደጋግሙ። ቴሌቪዥኑ በራሱ ይበራል ወይስ ሪሞት ይጠብቃል? ማንም በሌለበት ቤት በራሱ የሚበራ ቴሌቪዥን ሌሊቱን ሙሉ ይበላል። ሳውንድባሩ (ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኘው ረጅም ስፒከር) የነበረበትን ድምፅና የነበረበትን ገመድ ያስታውሳል ወይስ በየጊዜው ወደ ብሉቱዝ ይመለሳል? አንዳንድ ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች (ቴሌቪዥን ላይ ተሰክተው የኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያሳዩ መሣሪያዎች) ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም። መብራት ሲመለስ ቀናቸው ከዓመታት በፊት ይሆንና ኢንተርኔት እያለ መተግበሪያዎቹ አልከፍት ይላሉ። ምክንያቱ የደህንነት ማረጋገጫው ከቀኑ ጋር ስለማይገጥም ነው። ቀኑ በራሱ እስኪስተካከል ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ለክታችሁ ጻፉ።

ፍጆታውን በኪሎዋት ሰዓት አስሉት። 110 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 16.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይህን አኃዝ አንባቢው በራሱ ታሪፍ ያባዛዋል። በሪሞት ጠፍቶ ሳለም ለኩት፤ ከ1 ዋት በላይ ከሆነ ጥቀሱት።

ስክሪኑ

መመዘን ከመጀመራችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ይብራ። በሜትር ከጥግ እስከ ጥግ የሚታየውን ክፍል ብቻ ለኩ፤ 55 ኢንች ማለት 139.7 ሴንቲ ሜትር፣ 43 ኢንች ደግሞ 109 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

"ፎርኬ" (3840 በ2160 ፒክስል) የሚለውን ቃል ለማረጋገጥ ብዙዎች ፎቶ በፍላሽ ይከፍታሉ፤ ይህ ያሳስታል። ብዙ ቴሌቪዥኖች፣ እውነተኛ ፎርኬ የሆኑትም ጭምር፣ ፎቶ ማሳያቸው በ1920 በ1080 ስለሚሠራ ሥዕሉ ደብዝዞ ይታያል። ትክክለኛው መንገድ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ማገናኘት፣ ውጤቱን 3840 በ2160 ማድረግ፣ ከዚያ አንድ ፒክስል ጥቁር አንድ ፒክስል ነጭ የሆነ የዳማ ሥዕል ሳያሳንሱ ሳያሳድጉ መክፈት ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እያንዳንዱ ነጥብ ከተለየ እውነት ነው፤ ግራጫ ሆኖ ከተዋሃደ መጀመሪያ የሥዕሉን ጠርዝ የሚቆርጠውን ቅንብር አጥፉና ድገሙት። ያኔም ካልተለየ ቃሉ ሐሰት ነው ለማለት ትችላላችሁ።

መጋረጃ ዘግታችሁ ሙሉ ጥቁር፣ ከዚያ ሙሉ ግራጫ አሳዩት። ጥቁሩ ላይ ጥጎቹ የሚያበሩ ከሆነ የኋላ መብራቱ ያፈስሳል፤ ግራጫው ላይ የሚታይ ጥላ ኳስ ሜዳ ሲታይ ሣሩ ላይ ይጎላል። ይህን ፎቶ ስታነሱ የካሜራው ፍጥነት 1/30 ወይም ከዚያ የዘገየ ይሁን። ፈጣን ከሆነ በስክሪኑ ላይ የሌለ ጥቁር ማሰሪያ ፎቶው ላይ ይወጣል፣ አንባቢም ጉድለት ይመስለዋል።

ኳስ በሚወደድበት አገር እንቅስቃሴ ሰፊ ቦታ ይገባዋል። የአውሮፓ ጨዋታ በአብዛኛው በሰከንድ 50 ምስል ይቀረጻል፤ ብዙ ቦክሶች ግን ከፋብሪካ በ60 ኸርዝ ተቀናብረው ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ከአምስት ምስል አንዱ እየተደገመ ካሜራው ሜዳውን ሲከተል ይንገጫገጫል። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ይወቅሳል። ቦክሱን ወደ 50 ኸርዝ ቀይራችሁ ያንኑ ጨዋታ እንደገና እዩ፤ ከጠፋ ጥፋቱ የቅንብር ነው፣ መፍትሔውንም ለአንባቢው ደረጃ በደረጃ ጻፉለት። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ቅንብርም አብርታችሁ አጥፍታችሁ አነጻጽሩ፤ ሲበዛ ረጅም የተመታች ኳስ አየር ላይ ትሰወራለች።

ካርቶኑ ላይ ኤችዲአር (ብሩህና ጨለማ ቦታዎችን ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) የሚል ጽሑፍ ቢኖርም ዕቃው እንዲህ ያለውን ምስል መቀበሉን እንጂ በቂ ብርሃን መስጠቱን አያረጋግጥም። አንድ ቪዲዮ በኤችዲአርም ያለ ኤችዲአርም አጫውቱ። በኤችዲአር ይበልጥ ከጨለመ በቀጥታ ይጻፍ።

ከዚያ የአማርኛው ፈተና። ስሙ በአማርኛ የተጻፈ ቪዲዮና በዩቲኤፍ-8 (በዩኒኮድ የጽሑፍ ማስቀመጫ ዓይነት) የተቀመጠ የአማርኛ ሰብታይትል ፍላሽ ላይ ጫኑ። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ የግዕዝ ፊደል ሳይጫንባቸው የሚወጡ ቴሌቪዥኖችና ሪሲቨሮች አሉ፤ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ፍላሹን በፋት32ም በኤክስፋትም ፎርማት አድርጋችሁ ሞክሩ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ፊልም አልገለበጥ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ድምፁ

ሳውንድባር ላይ የሚጻፈው ዋት በተለይ ያሳስታል። ሐቁ ያለው አዳፕተሩ ላይ ነው። 19 ቮልት፣ 2.5 አምፔር የሚል አዳፕተር ቢበዛ 47.5 ዋት ይሰጣል፤ በዚያ የሚሠራ ዕቃ "400 ዋት" ተብሎ ቢጻፍበት ለቅጽበት ካልሆነ ያን ያህል ሊያወጣ አይችልም። ስሌቱን አንባቢው ሱቅ ውስጥ እንዲደግመው አሳዩት። ዋት በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ መሆኑንም ጨምሩበት።

ክረምት ላይ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የዜና አንባቢ ድምፅ ይዋጣል። የዝናቡን ድምፅ አንድ ጊዜ በስልክ ቅረጹ፣ መጠኑን በድምፅ መለኪያ መተግበሪያ መዝግቡ፣ ከዚያ በሌላ ስፒከር በዚያው መጠን እያጫወታችሁ እያንዳንዱን ሳውንድባር በአንድ የዜና ቅጂ ፈትሹ። ንግግሩ ጥርት ብሎ እስኪሰማ ድምፁን እስከ ስንት ማድረግ አስፈለገ? እዚያ ደረጃ ላይ ይሰነጠቃል? የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ዴሲቤል ስለማይሰጥ ቁጥሩን ለማነጻጸሪያ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ስልኩም ቦታውም አንድ ይሁኑ።

የአፍና የድምፅ መግጠምን ለማየት የጭብጨባ ቪዲዮ አጫውታችሁ በሰከንድ 60 ምስል በሚቀርጽ ስልክ ቅረጹ። እጆቹ ከተጋጠሙበት ምስል እስከ ድምፁ ያሉትን ምስሎች ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። 3 ሜትር ርቃችሁ ከቀረጻችሁ ድምፁ በአየር ለመድረስ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ቀንሱት። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ መሠረት ተመልካች የሚያስተውለው ድምፁ ከ45 ሚሊሰከንድ በላይ ሲቀድም ወይም ከ125 በላይ ሲዘገይ ነው። ብሉቱዝና ገመድን ለየብቻ ለኩ።

"ድምፅ የለውም" የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከገመዱ ቦታ ይመጣል። ሳውንድባር በኤችዲኤምአይ ሲገናኝ የሚሰካው "ኤአርሲ" (የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ ሳውንድባሩ የሚመልሰው መስመር) ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ድምፅ አይመለስም።

ሪሲቨርና ቦክስ

ሁለት ሪሲቨር ሲነጻጸር ዲሹ፣ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ምልክት መቀበያ) እና ገመዱ አንድ መሆን አለባቸው። ኢትዮሳት የሚገኝበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከሀዋሳ ሲታይ ከአድማስ 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፣ አቅጣጫውም ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ነው፤ ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠ ዲሽ በግምት ትክክል ዞሯል ማለት ነው። እንደኛ ለምድር ወገብ በቀረበ ቦታ ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ ብዙ መዞር ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ ከታሰረ ሪሲቨሩ ላይ የምልክቱ ጥንካሬ ይታያል፣ ጥራቱ ግን ይወድቃል። ስለዚህ መመዝገብ ያለበት የጥራቱ አኃዝ ነው። በጠራ ቀንና በዝናብ ቀን ለኩ፤ አንደኛው ሪሲቨር ሲያቋርጥ ሌላው ከቀጠለ ዋናው ዜናችሁ ያ ነው።

የአንድሮይድ ቦክስ ፋይል ማከማቻ (ስቶሬጅ) መጠን ብዙ ጊዜ የሚዋሽበት ነው። ቅንብሩ ውስጥ የሚታየውን አትመኑ፤ እስኪሞላ ቪዲዮ ገልብጡና የመጨረሻውን አጫውቱ። ኔትፍሊክስ ለፎርኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል፤ ያ በሰዓት 6.75 ጊጋባይት ማለት ነው። አንባቢው በሞባይል ዳታ የሚያይ ከሆነ ይህ ስሌት ከምስሉ ጥራት ይበልጥ ያሳስበዋል።

ክፍያና ጊዜ

አንድ ቴሌቪዥን በደንብ ለመፈተሽ ከነምሽቱ አራት ቀን፣ ለመጻፍ አንድ ቀን ያዙለት። ዋጋችሁን በቃላት ብዛት ብቻ ከተስማማችሁ የመለካቱ ሥራ ያለ ክፍያ ይቀራል፤ ለሙከራ ቀን፣ ለፎቶና ለዳታ ለየብቻ ጠይቁ። ጽሑፉ ሳይወጣ ቢቀር ስንት እንደሚከፈልም ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ይሁን። የሶፍትዌሩን ስሪት ቁጥር ከግምገማው ቀን ጋር አውጡ፤ ማሻሻያ መጥቶ ነገሩ ከተለወጠ ጽሑፉን አርሙና የታረመበትን ቀን ጻፉ።

ዕቃውን ከመመለሳችሁ በፊት ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሱት። አለዚያ የከፈታችሁት አካውንትና የዋይፋይ ቃላችሁ ቀጣዩ ገዢ ቤት ይገባል። የእግሩ ብሎኖች፣ ሪሞቱና ገመዶቹ ካርቶኑ ውስጥ መሆናቸውን ቆጥራችሁ፣ በተረከባችሁበት ወረቀት ላይ የመመለሻ ፊርማ አስፈርሙ።