ስለ አይሁድ ማንነት ስንጽፍ «ዘር» የሚለው ቃል የሚያሳስተን የት ላይ ነው?

ዘመናዊውን የአይሁድ አስተሳሰብ በአማርኛ ለማስረዳት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ስህተት ከራሳችን ቃል ይመነጫል። «የአብርሃም ዘር» ስንል ትውልድን፣ ውርስንና ቃል ኪዳንን ማለታችን ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓ የተሰበከው የዘር ትምህርት ግን ሰውን በደሙ ለይቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ነበር። ሃላካ የሚባለው የአይሁድ ሕግ ከአይሁዳዊት እናት የተወለደውንም ሆነ በሥርዓቱ ወደ እምነቱ የገባውን አይሁዳዊ ይለዋል፤ ሞአባዊቷ ሩት የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት መሆኗን ልብ ይሏል። በአንጻሩ የ1935ቱ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ የሚቀጥሉትም እንዲሁ) የናዚ ጀርመን የኑረንበርግ ሕጎች ሦስት አይሁዳውያን አያቶች ያሉትን ሰው፣ ክርስትና ቢነሣም እንኳ፣ አይሁዳዊ ብለው ፈርጀውታል።

ከዚህ ሸሽቶ «እንግዲያው ሃይማኖት ብቻ ነው» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። ጀርመናዊው አይሁዳዊ ፈላስፋ ሙሴ ሜንደልሶን በ1783 የአይሁድ እምነት የተገለጠ ሕግ እንጂ በግድ የሚታመን ቀኖና አይደለም ብሎ ሲከራከር ለአይሁዳውያን የዜግነት በር ከፍቷል፤ አይሁድ የራሳቸው አገር እንዲኖራቸው የታገሉት ጽዮናውያን ግን በኋላ ሕዝብነትን አስቀደሙ። በ1962 የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከአይሁዳውያን ወላጆች ተወልዶ ካቶሊክ የሆነ መነኩሴ፣ ሃላካ አይሁዳዊ ሊለው ቢችልም፣ አይሁዳውያን ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ በሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እንደ አይሁዳዊ ሊስተናገድ አይችልም ብሎ ወሰነ። ትውልድም እምነትም ለየብቻቸው ማንነቱን እንደማይፈቱት ከዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳይ አላውቅም።

ሦስተኛው ስህተት የአሜሪካን የጥቁርና ነጭ መለኪያ በሁሉም ላይ መጫን ነው። ረቢ አብርሃም ሄሼል በ1965 ለጥቁሮች የመምረጥ መብት በአሜሪካዋ ሴልማ ከተማ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር የተሰለፉት በዚያው አገር ጥያቄ ውስጥ ነው። ጎንደር ላይ ግን ቤተ እስራኤልን (የኢትዮጵያ አይሁዳውያንን) ከጎረቤቶቻቸው የለያቸው የቆዳ ቀለም ሳይሆን እምነት፣ የርስት መነፈግ፣ አንጥረኝነትና ሸክላ ሠሪነት፣ ከዚያም ጋር የተለጠፈባቸው የቡዳነት ስም ነበር፤ «ጥቁር» የሚለው መለያ የጠበቃቸው እስራኤል ሲደርሱ ነው።

በመጨረሻም በወቅቱ ከእስራኤል ሁለት ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤልን የዳን ነገድ ልጆች ብለው መቀበላቸውን የነገሩ መቋጫ አድርጎ መጻፍ አይገባም። በ1985 ቤተ እስራኤል፣ ወደ እምነቱ እንደሚገባ ሰው በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ በመጠየቃቸው፣ በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ተቃውሞ አድርገዋል፤ በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ስጋት በስውር ይደፋ እንደነበር ሲገለጥ በሺዎች የሚቆጠሩት አደባባይ ወጥተዋል።