ባትሪው ሞቷል ከማለት በፊት፦ ያረጀ የኤሌክትሪክ ሳይክል ሲጠገን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ ሳይክል በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሜዳ አገር ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ድካም እዚህ በአንድ ቀን ይጋለጣል። ሳይክሉ ዳገት ላይ ሲቆም ታዲያ የመጀመሪያው ፍርድ ሁሌም አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማንም ሳይለካው የተፈረደበት ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ በመሆኑ በግምት የተገዛ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያከስራል። ከታች ላለው ሁሉ አንድ ተራ ቴስተር፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና የቁልፍ ስብስብ ይበቃል።

ባትሪውን ሳይክሉ ቆሞ ለክቶ መፍረድ

ባለ 36 ቮልት ሊቲየም ባትሪ በውስጡ 10 ተከታታይ የሴል ቡድን አለው። ሲሞላ 42 ቮልት ያሳያል፤ 30 አካባቢ ሲደርስ የባትሪው መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ማለትም ቢኤምኤሱ፣ ይቆርጠዋል። ባለ 48ቱ 13 ቡድን ነው፤ ሙሉው 54.6፣ መቁረጫው 39 አካባቢ። የደከመ ባለ 36 ባትሪም ቢሆን ጭነት ከሌለበት 41 ቮልት ያሳያል፤ ቴስተሩን ሰክቶ «ሙሉ ነው» ማለት ስለዚህ ምንም አይነግርም።

የቴስተሩን ሽቦዎች ከባትሪው መውጫ ጋር አጥብቀው ያያይዙና ቴስተሩን መሪው ላይ በናስትሮ ይሰሩት። ወደ ጦሳ ተራራ ሥር ከሚያወጡት ዳገቶች መኪና የማይበዛበትን መርጠው ሙሉ ጋዝ ሰጥተው 1 ደቂቃ ይውጡ። ባለ 36ቱ ከ40 ተነስቶ 37 ወይም 38 ላይ ከጸና ጤነኛ ነው። ወደ 32 ወርዶ ጋዙን ሲለቁት ተመልሶ 39 ካለ ግን የሴሎቹ የውስጥ ሬዚስታንስ ጨምሯል፣ ወይም ከ10ሩ ቡድን አንዱ ሌሎቹን እየጎተተ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሽፋኑን ከፍተው ወደ ቢኤምኤሱ የሚገቡትን 11 ቀጫጭን ሽቦዎች ይፈልጉ። ቀለበትና ሰዓት አስቀድመው ያውልቁ። ጎን ለጎን ያሉትን ፒኖች ሁለት ሁለት እያደረጉ ይለኩ፤ የቴስተሩ ጫፍ ሁለቱን በአንዴ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ሁሉም 4.05 ሲያሳዩ አንዱ 3.4 ካለ በሽታው እሱ ጋ ነው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የሰነበተ ቡድን ግን ቻርጅ ተደርጎ መነሳት የለበትም፤ በውስጡ መዳብ ስለሚሟሟ መልሶ ሲሞላ ሾርት ሊሆንና ሊቀጣጠል ይችላል። ቢኤምኤሱን አልፎ በቀጥታ ቻርጅ ማድረግ «ዘዴ» ተብሎ ሲነገር ቢሰሙም፣ እኛ ዘዴ አንለውም።

ሳይክሉ አራት ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ያለው ከሆነ ሥራው ይቀላል። ሞተሩ እየጎተተ አራቱን ለየብቻ ይለኩ። ሦስቱ ከ11.5 በላይ ሆነው አንዱ ከ10.5 ከወረደ ያ ነው የሚያቆመው። አንዱን ብቻ በአዲስ መተካት ግን አያዛልቅም፤ አሮጌዎቹና አዲሱ እኩል አይሞሉም፣ እኩልም አያልቁም።

አንዳንዴ ደግሞ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሒሳቡ ነው የማይሞላው። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 110 ኪሎ ቢሆኑ 600 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ 180 ዋት-ሰዓት ይበላል። የሞተሩ ብክነት ሲጨመር ወደ 250 ይጠጋል፤ የነፋስና የጎማ ትግል ገና አልተቆጠረም። ባለ 36 ቮልት 10 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አዲስ ሳለ 360 ዋት-ሰዓት ነበር። አርጅቶ 60 በመቶው ከቀረው 216 ነው። ፔዳል ሳይመቱ ሐረጎን አይጨርስም፤ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ቢቀየርለትም ያው ነው።

ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ቻርጀሩ ልክ ነው ማለት

ለ48 ቮልት የአሲድ ባትሪ የተሠራ ቻርጀር እስከ 58 ወይም 59 ቮልት ይወጣል። ባለ 48 ሊቲየም ደግሞ ከ54.6 ማለፍ የለበትም። ሶኬታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ላይ «48» ተጽፏል፣ ገበያ ላይም ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ቻርጀሩን ከመሰካትዎ በፊት መውጫውን በቴስተር ይለኩ፤ 42.0 ወይም 54.6 ከሚለው ከግማሽ ቮልት በላይ ከራቀ ለዚያ ባትሪ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ቻርጀሩን ይጎዳል። ዳገት ጨርሶ የጋለ ባትሪም ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይቀዘቅዝ አይሰካ።

ከደሴ ባትሪ ሞልቶ ሐረጎን መውረድ

ይህ የእኛ አካባቢ ልዩ ስህተት ነው፤ ለሜዳ አገር በተጻፈ መመሪያ ውስጥ ብዙም አይገኝም። በጎማው መሐል ያለው ሞተር ጊር የሌለው ትልቅ ዓይነት ከሆነ ፍሬን ሲይዙ መልሶ ባትሪውን ሊሞላ ይችላል። ባትሪው 100 በመቶ ሆኖ ቁልቁል ከጀመሩ ግን ያ ኃይል መግቢያ የለውም። ቢኤምኤሱ ይዘጋል። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ይሆናል፦ ሞተሩ የሚሰጠው ፍሬን በድንገት ይጠፋል፣ ቮልቴጁም ሽቅብ ዘሎ ኮንትሮለሩ ላይ ያርፋል። በብዙ ባለ 48 ኮንትሮለሮች ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች የሚችሉት 63 ቮልት ነው፤ ያረጁ ከሆኑ ያንንም አይችሉም። ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ «ያለ ምክንያት» የተቃጠለ ኮንትሮለር ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ለቁልቁለት በ80 በመቶ ይነሱ። ሞተርዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ጎማውን አንስተው በእጅ ያዙሩት። ወደፊት ነፃ ሆኖ ወደ ኋላ ከከበደ ጊር ያለው ነው፤ እሱ መልሶ ቻርጅ ስለማያደርግ ይህ ስጋት የለበትም። ወደ ሁለቱም እኩል የሚይዝ ከሆነ ይጠንቀቁ።

ሞተሩ ዝም ሲል መጀመሪያ ኮንትሮለር መግዛት

ኮንትሮለሩ በተራው መጨረሻ ላይ ነው መጠርጠር ያለበት። ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ይሂዱ።

የፍሬን እጀታዎቹ ሞተሩን የሚያጠፉ ማብሪያዎች አሏቸው። በአቧራ ወይም በዝገት አንዱ ተይዞ ከቀረ ሳይክሉ ፍሬን እንደተያዘ ይቆጥራል፣ ሞተሩም ዝም ይላል። የሁለቱንም ማብሪያ ሽቦ ነቅለው ይሞክሩ፤ ከሠራ በነፃ ጠገኑት ማለት ነው።

ቀጥሎ የእጅ ጋዙ። ቀይና ጥቁሩ መካከል 5 ቮልት አካባቢ መኖር አለበት። ሦስተኛው ሽቦ ጋዝ ሳይሰጡ 0.8 ገደማ አሳይቶ እስከ መጨረሻ ሲጠመዝዙት ከ3.5 በላይ ይደርሳል። መሐል ላይ የሚዘል ወይም ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የሚቀየረው ጋዙ ነው።

ሞተሩ የሚንቀጠቀጥና ሲገፉት ብቻ የሚነሳ ከሆነ ሆል ሴንሰሮቹን፣ ማለትም ሞተሩ ሲዞር የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ የሚነግሩትን፣ ይለኩ። ሽቦዎቻቸው ከሞተሩ የሚወጡት አምስቱ ቀጫጭኖች ናቸው፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሶኬታቸው እንደተሰካ ባትሪውን ያብሩ፣ ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ከጥቁሩ ሽቦ ጋር ያድርጉ፣ ጎማውን በጣም ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ጊር ላለው ሞተር ወደ ኋላ። ሦስቱም ባለ ቀለም ሽቦዎች በየተራ ከ0 ወደ 5 አካባቢ መዝለል አለባቸው። አንዱ ባለበት ከደረቀ የሞተው ሴንሰር ወይም የተበጠሰው ሽቦ ያ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ሦስቱን ወፋፍራም የሞተር ሽቦዎች ከኮንትሮለሩ ይንቀሉ። ጎማው ሲዞር እየያዘ የነበረው ሲነቀሉ ነፃ ከሆነ ኮንትሮለሩ ውስጥ የተቃጠለ ትራንዚስተር አለ። ተነቅለውም ከያዘ ጥፋቱ ሞተሩ ውስጥ ነው፤ አዲስ ኮንትሮለር ቢገጥሙ እሱንም ያቃጥለዋል።

ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ ማሳጠብ

የሐምሌ ጭቃ ያስገድዳል፤ እንረዳለን። በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ይበቃል። የግፊት ውሃ በሞተሩ ኩሽኔታና በሽቦው መግቢያ ያልፋል፤ የደሴ ጭጋግም የገባውን ቶሎ አያደርቅም። ወደ ሞተሩ የሚገባው ሽቦ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲረግብ አድርገው ይሰሩት፤ የዝናብ ጠብታ ከረገበው ቦታ ላይ ይወድቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተልም። አረንጓዴ ዝገት የያዘው ሶኬት አይጠረግም፤ ተቆርጦ ጤነኛው መዳብ እስኪገኝ ይገፈፍና በሊድ ይበየዳል። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል በ20 አምፔር ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል። በነገራችን ላይ፣ ፊውዙ ደጋግሞ ሲበጠስ በሽቦ መተካት ከባትሪው አጠገብ እሳት ማስቀመጥ ነው።

ጎሚስታ የፈታውን ዳዶ ሳያዩ መንዳት

ጎማ ሲተነፍስ ሞተር ያለበትን ጎማ የሚፈታው እንደ ተራ ሳይክል ነው። ጥርስ ያላት ሮንዴላ በተቃራኒ ትገጠማለች፣ ወይም መሬት ላይ ትቀራለች። ከዚያ በመጀመሪያው ዳገት የሞተሩ ዘንግ በራሱ ይሽከረከርና ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ይበጥሳል። ከመፈታቱ በፊት ሁለቱንም ጎን ፎቶ ያንሱ። የሮንዴላዋ ጥርስ ከሹካው ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት፣ ዳዶውም በረጅም ቁልፍ እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ። 20 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈትሹት።

ሞተሩ ሲጮህ ጎማው ካልዞረ «ተቃጠለ» ማለት

የተቃጠለ ሞተር አይጮህም። ጊር ባለው ሞተር ውስጥ ሦስት ባለ ጥርስ የናይሎን ጊሮች አሉ፤ ረጅም ዳገት በዝግታና በሙሉ ጋዝ ሲወጡ ይለሰልሳሉ፣ ከዚያ ይላጫሉ። ሽፋኑን ከፍተው ሦስቱንም ያውጡ፤ የተላጨው አንድ ቢሆንም ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ። አዲሱ ሲገጠም ለፕላስቲክ የሚስማማ ግራሶ በጥርሶቹ ላይ በስሱ ይቀባ፤ ከበዛ ወደ መጠምጠሚያው ሽቦ ይረጫል። ሲያዙ «የ250 ዋት ሞተር ጊር» ብቻ ብለው አይላኩ። የጥርሱን ቁጥር፣ የውጭ ስፋቱን፣ ውፍረቱንና የመሐል ቀዳዳውን በሚሊ ሜትር ጽፈው፣ አሮጌውን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንስተው አብረው ይላኩ።