ሁሉንም ወደ "ሎው" ከመጎተትዎ በፊት፦ ደካማ ኮምፒውተር ላይ የጨዋታ መንቀራፈፍ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጨዋታ ሲንቀራፈፍ አብዛኛው ሰው የግራፊክስ ሴቲንጉን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ ወደ "ሎው" ያወርዳል። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጨዋታው ግን ብዙ ጊዜ እንደነበረው ይቀጥላል። የታነቀው የግራፊክስ ቺፑ ላይሆን ይችላላ! ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ዲስክ፣ ሙቀት ሁሉም ጨዋታን ያንቀራፍፋሉ፤ የሚያንቀራፍፉበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ የምወስደው እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣውን ጂቲኤ 5 የተባለ ጨዋታ ነው፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ይገኛል፣ ሴቲንጉም ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ አንድ ፍተሻ ያድርጉ። ሪዞሉሽኑን (ምስሉ የሚሳልበትን የነጥቦች ብዛት) ለጊዜው ወደ 800 በ600 አውርደው እዚያው ቦታ ላይ ይጫወቱ። ፍጥነቱ በግልጽ ከጨመረ ሸክሙ ያለው ግራፊክሱ ላይ ነው። ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩን ይጠርጥሩ።

ምልክት፦ ባዶ መንገድ ላይ እንኳ ሁልጊዜ ይንቀራፈፋል

መንስኤው ግራፊክሱ ነው። በ1920 በ1080 ቺፑ ለእያንዳንዱ ፍሬም (አንድ ነጠላ ምስል) 2,073,600 ነጥቦችን ይስላል፤ በ1280 በ720 ግን 921,600 ብቻ። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማድረስ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሪዞሉሽኑ ይጀምሩ። ቀጥሎ ኤምኤስኤኤን ያጥፉ፤ የጠርዞችን መሰላል ለማለስለስ ብዙ ጉልበት ይበላል። በምትኩ ኤፍኤክስኤኤ ይበቃል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ጥላን ወደ "ኖርማል" ያውርዱ። የሣር ጥራትም እንዲሁ፦ ከተማ ውስጥ ሳሉ ምንም አይታወቅም፣ ወደ ገጠሩ ሲወጡ ግን ፍጥነቱን ያወርደዋል።

ቴክስቸር (የነገሮችን ገጽ የሚሸፍኑት ምስሎች) ላይ ግን አይቸኩሉ። ቴክስቸር በዋናነት የሚፈልገው ቦታ እንጂ ጉልበት አይደለም፤ ማህደረ ትውስታው እስከቻለ ድረስ ማውረዱ ምስሉን ከማበላሸት በቀር የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

ምልክት፦ መኪናና ሰው የበዛበት ቦታ ሲደርሱ ይወርዳል፣ ሪዞሉሽን መቀነስም አይረዳም

ፕሮሰሰሩ ነው። እያንዳንዱን እግረኛና መኪና የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነውና "ፖፑሌሽን ዴንሲቲ" እና "ዲስታንስ ስኬሊንግ" (የሩቅ ነገሮች ዝርዝር) የሚሉትን ይቀንሱ። ከኋላ የተከፈተ ብራውዘር ካለ ይዝጉ። ያም ሆኖ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ25 እስከ 50 ፍሬም እየዋዠቀ ካስቸገረ 30 ላይ ይገድቡት። ለእኔ የማይዋዥቅ 30፣ ከሚዘልል 50 ይሻላል።

ምልክት፦ ለአሥር ደቂቃ ደህና ሄዶ ከዚያ ይደክማል

ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህን የሚፈውስ የግራፊክስ ሴቲንግ የለም። ላፕቶፑን ከአልጋና ከብርድ ልብስ ላይ አንስተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፣ የማራገቢያውን አቧራ ያስጠርጉ። ዓመታት ያስቆጠረ ከሆነ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም (ፓስታ) ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ያስቀይሩት።

ይህ ምልክት መንትያ አለው፦ በድንገት መውረድ። አንድ ምሽት ጥላውን፣ ሣሩን፣ ነጸብራቁን እያወረድኩ ሁለት ሰዓት ያህል ከደከምኩ በኋላ ነው የቻርጀሩ መብራት መጥፋቱን ያየሁት። ሶኬቱ ላልቶ ነበር። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይሉን ይቆጥባል፤ መብራት ሲሄድ ጨዋታው አብሮ የሚደክመውም ለዚህ ነው።

ምልክት፦ ጥሩ እየሄደ፣ በፍጥነት ሲነዱ ለቅጽበት ቀጥ ይላል

ማህደረ ትውስታው ሞልቷል፣ ወይም ዲስኩ አልደረሰም። ጂቲኤ 5 የግራፊክስ ማህደረ ትውስታው ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳይ መስመር አለው፤ ቴክስቸርን መቀነስ ያለብዎት መስመሩ ከሞላ ነው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ ከዋናው ራም ይበደራል። 8 ጊጋባይቱ በአንድ ራም ብቻ የገባ ከሆነ፣ በሁለት ባለ 4 መቀየሩ ከማንኛውም ሴቲንግ የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ መረጃ የሚተላለፍበት መንገድ እጥፍ ይሆናል። ጨዋታው የተጫነው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነም ወደ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ያዛውሩት።

ምልክት፦ ካርዱ ጥሩ ነው፣ ጨዋታው ግን ምንም አይንቀሳቀስም

ካርዱ ጭራሽ ሥራ ላይ አልዋለ ይሆናል። በዴስክቶፕ ከሆነ የስክሪኑ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱን ይዩ። ሁለት የግራፊክስ ቺፕ ባለው ላፕቶፕ ከዊንዶውስ ሴቲንግ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብለው ይግቡና ለጨዋታው "ሃይ ፐርፎርማንስ" ይምረጡ። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው ዊንዶውስ አዲስ ከተጫነበት ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። በዲስፕሌይ አዳፕተር ሥር "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ብቻ ካዩ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልተጫነም፤ ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑትና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱ።