የተጣለ አሮጌ ፔጆ ኮርስ ሳይክል፦ ችግሩና መፍትሄው

አውሮፓም አሜሪካም ያላችሁ፣ ቆሻሻ ገንዳ ጎን የተጣለ የ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) ፔጆ ኮርስ ካያችሁ ዝገቱን አይታችሁ አትለፉት። አዎ ያው የመኪናው ፔጆ ነው፣ ሳይክል መስራት የጀመረው እንደውም ከመኪናው በፊት በ1882 ነው። ሞቷል የምትሉት ነገር አብዛኛው የደረቀ ግሪስ ነው፣ እነዚህን ሳይክሎች የሚገድላቸው ዕድሜ ሳይሆን በጉልበት የሚፈታ ሰው ነው።

ከመሪው ስር ያለው ቱቦ ላይ ቀለሙ ተሸብሽቧል
ፊት ለፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። ቴላዮውን (የሳይክሉን ዋና አካል) እርሱት፣ ዕቃውን ፍቱና ውሰዱ።

ፔዳል ስትመቱ ካቴናው ይዞራል ጎማው ግን አይሄድም
ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል፣ ግን በጣም ቀላሉ ይሄ ነው። ኋላ ጥርሶቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ምላሶች ግሪሱ ደርቆባቸው ተጣብቀው ቀርተው ነው እንጂ አልተሰበሩም። ጎማውን አውጥታችሁ አጋድሙት፣ በሚዞረውና በማይዞረው ክፍል መሀል ባለችው ቀጭን ክፍተት ላምባ አንጠባጥቡ፣ እያዞራችሁ ጠብቁ፣ በስር በኩል ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ንጹህ እስኪወርድ ደጋግሙት። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ሲመለስ ቀጭን ዘይት ጨምሩ። ግሪስ እንዳትጨምሩ፣ እንደገና ያጣብቀዋል።

የመቀመጫው ዘንግ አልወጣ አለ
ዘንጉ አልሙኒየም ቴላዮው ብረት ከሆነ ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ፣ ዝገቱ አብሮ ያጣብቃቸዋል። ሰው ወዲያው በእሳት ማሞቅ ይጀምራል፣ አልሙኒየም ግን ከብረት የበለጠ ስለሚሰፋ ጭራሽ ይጠብቃል፣ ቀለሙም ይቃጠላል። ብሎኑን ፍቱ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስሳችሁ አሳድሩት፣ ሳይክሉን ገልብጣችሁ ከታችም አፍስሱ፣ ከዛ ኮርቻውን እንደ እጀታ ይዛችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት። ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሱ።

አዲስ ፔዳል ገዝታችሁ አልገባ አለ
ጥፋቱ የልክ ነው። የድሮ ፈረንሳይ ፔዳል የሚገባው ብሎኑ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ነው፣ ዛሬ የሚሸጠው ደግሞ 14.3 ገደማ፣ ለዓይን አይለይም። ብትገፉት ፔዳሉ የሚገባበትን ቀዳዳ ጥርስ ይልጠዋል፣ አለቀ። ወይ አሮጌውን አጥባችሁ መልሱት ወይ ሳይክል ቤት በአዲሱ ልክ ጥርስ ያውጡላችሁ። የግራው ፔዳል በሁሉም ሳይክል ላይ ወደ ተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ እሱን እንዳትረሱ።

አዲሱ ጎማ ቸርኬው ላይ አይቀመጥም
አሜሪካ የተሸጡት ብዙዎቹ 27 ኢንች ናቸው፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር 630 ሚሊሜትር፣ የዛሬው ኮርስ ደግሞ 622። አሮጌው ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ግዙ። ካላማዳሪው ግን ለሁለቱም ይሰራል።

ማርሹ ይዘላል
ካቴናው ተለጥጦ ይሆናል፣ 12 ኢንች መሆን የነበረበት 12 ሙሉ መጋጠሚያ በ1/16 ኢንች ከረዘመ ቀይሩት። የኋላው ማርሽ ቀያሪ ሲምፕሌክስ የሚባለው ካምፓኒ የፕላስቲክ ስሪት ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ፣ ካለው በማጣበቂያ አትድከሙ፣ ሌላ ግዙ፣ የድሮው የማርሽ ማንሻ ጠቅ የማይል ስለሆነ የማንኛውንም ካምፓኒ ማለት ይቻላል ይጎትታል።

ፍሬኑ በደንብ አይዝም
ላስቲኩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ቀይሩት፣ ሽቦውንም አብራችሁ። ቸርኬው የሚያብለጨልጭ ብረት ከሆነ ግን ላስቲኩ አዲስም ቢሆን በዝናብ አይዝም፣ አልሙኒየም ቸርኬ እስክታገኙ በደረቅ ቀን ብቻ ንዱት።